ሆዴ ውስጥ ላለው ልጅ ላውራ ወይ? ስለ ህንዶቹ "ጋርብ ሳንስካር" የተጠየቀ ጥያቄና ምላሹ

ጥያቄ፦ "ዶክተር፣ ዕድሜዬ 29 ነው። የምኖረው ዱባይ ነው። የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ ያለው አዲስ አበባ ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ህንዳዊት ስለ 'ጋርብ ሳንስካር' ነገረችኝ። ልጅ ሆድ ውስጥ እያለ ይማራል፣ አሁን ካልጀመርሽ ያመልጥሻል አለችኝ። በስልክ የሚሰጥ የአራት ወር ትምህርት አለ፤ ይከፈልበታል። ሙዚቃ፣ ማንትራ የሚሉት የጸሎት ቃል፣ ዮጋ፣ በወተት የሚጠጣ ዱቄትና ዘፈራን (ሳፍሮን) የሚባል ቅመም አለው። ልጁ ብልህና ቀይ ይሆናል ይላሉ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ እስካሁን ለልጁ የተለየ ስሜት አይሰማኝም። ሆዴን ይዤ ማውራት ያሳፍረኛል። አማቴ ደግሞ 'ሳይወለድ ምን ያንሰፈስፍሻል' ይሉኛል። ልጄን እየበደልኩት ነው? ትምህርቱን ልጀምር?"

ምላሽ፦ ልጅሽን እየበደልሽው አይደለም። ትምህርቱን አትግዢ። ዱቄቱን ጭራሽ እንዳትነኪው። ለልጅሽ ማውራቱን ግን ዛሬ ማታ ጀምሪ፤ እሱ ምንም አይከፈልበትም።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። "ጋርብ" ማህፀን ማለት ነው። "ሳንስካር" ደግሞ ሰውን የሚያንጽ ሥርዓት ነው። በሂንዱ ባህል አንድ ሰው ከመፀነሱ ጀምሮ እስከ ሞቱ የሚያልፍባቸው 16 ሥርዓቶች አሉ። ሦስቱ የሚፈጸሙት ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው። የመጀመሪያው ለመፀነስ የሚደረግ ነው። ሁለተኛው ፑምሳቫና ይባላል። ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወር ላይ ይውላል፤ የጥንት ዓላማው ፅንሱ ወንድ እንዲሆን መለመን ነበር። ሦስተኛው ሲማንቶናያና ነው፤ ትርጉሙ "ፀጉርን መክፈል" ማለት ነው። በጥንቱ መጻሕፍት እንደተጻፈው ባል ሚስቱን አስቀምጦ፣ ሦስት ቦታ ነጭ ባለበት የጃርት እሾህ ፀጉሯን ከግንባሯ ጀምሮ መሃል ለመሃል ይከፍልላታል። የሾላ ዘመድ ከሆነ ዛፍ የተቆረጠ ያልበሰለ ፍሬ ይያዛል። ቪና የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎች ተጠርተው ይዘፍናሉ።

ይቺን ሥርዓት ልብ ብለሽ እያት። የተቀመጠችው እናቲቱ ናት። የሚያገለግላት ባሏ ነው። የሚዘፈነው ለእሷ ነው። ፅንሱን ፊደል ለማስቆጠር የተቀመጠ ሰው የለም። ባልደረባሽ የነገረችሽ በስልክ የሚሸጠው ጥቅል ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ከድሮው ሥርዓት፣ አዩርቬዳ ከሚባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ከዮጋና ከዘመኑ "ብልህ ልጅ" ፍላጎት ትንሽ ትንሹን አንስቶ በቅርብ ጊዜ የተገጣጠመ ነው። "የሺህ ዓመታት ጥበብ" ሲሉሽ ይህን አስቢ።

"ልጅ ሆድ ውስጥ ይማራል" ለሚለው ህንዶች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ማሃባራታ ከሚባለው ጥንታዊ የህንድ የጦርነት ግጥም የተወሰደ የአቢማንዩን ታሪክ ነው። አባቱ አርጁና ጀግና ተዋጊ ነው። ለነፍሰ ጡሯ ሚስቱ ለሱባድራ እንደ ጎማ እየተጠማዘዘ የሚከብ የጦር አሰላለፍ እንዴት ሰብሮ እንደሚገባበት ያስረዳታል። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ይሰማል። መውጫውን ሊነግራት ሲል ግን ሱባድራ እንቅልፍ ወሰዳት። አቢማንዩ አድጎ ወደ ጦርነት ሲሄድ መግባቱን ያውቃል፣ መውጣቱን አያውቅም። እዚያው ውስጥ ተከብቦ ሞተ።

ታሪኩ ያምራል። ግን አሁን ላለሽበት ሁኔታ አደገኛ መልእክት አለው። ልጁ የሞተው እናቱ ስለተኛች ነው ሊል ይችላል። ከጥያቄሽ ውስጥ "ያመልጥሻል" የምትለዋን ቃል ሳነብ የታየኝ ይኸው ነው። ነፍሰ ጡር ሴት መተኛት አለባት። ደክሟት የተኛች እናት ልጇን ምንም አልነፈገችውም። የፅንስ አንጎል ቋንቋ ተረድቶ የጦር ስልትም ሆነ ሒሳብ የሚይዝ አይደለም።

ታዲያ ሆድ ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም ማለት ነው? አለ። እዚህ ላይ ህንዳውያን አያቶች የገመቱት ነገር በከፊል እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፅንሱ ጆሮ አሁን አንቺ ባለሽበት ጊዜ አካባቢ ሥራ እየጀመረ ነው። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ለድምፅ ምላሽ መስጠት እየጠነከረ ይሄዳል፤ ድንገት ድምፅ ሲሰማ የልብ ምቱ ይለወጣል ወይም ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን እኛ እንደምንሰማው አይደለም። ቀጫጭኑ ድምፅ በሆድሽ ግድግዳና በእንሽርት ውሃው ይዋጣል። ወፍራሙ ድምፅና የንግግር ምት ያልፋል። ግድግዳ ለግድግዳ የጎረቤት ወሬ ስትሰሚ ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ግን ይለያል። እንደዚያ ነው። ከሁሉም ጎልቶ የሚደርሰው ደግሞ ያንቺ ድምፅ ነው፤ በአየር ብቻ ሳይሆን በአጥንትሽና በሰውነትሽ በኩል ስለሚሄድ።

በ1980 የታተመ አንድ ታዋቂ ሙከራ አለ። ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት ጡጦ መሰል ነገር እንዲጠቡ ተደረገ። በአንድ ዓይነት አጠባብ ሲጠቡ የእናታቸው ድምፅ ይሰማል፤ በሌላ ዓይነት ሲጠቡ የሌላ ሴት ድምፅ ይሰማል። ሕፃናቱ የእናታቸውን ድምፅ የሚያመጣውን አጠባብ መረጡ። በ1986 ደግሞ እናቶች በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ በየቀኑ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ተደረገ። ሕፃናቱ ከተወለዱ በኋላ ያንኑ ጽሑፍ ከማያውቁት ጽሑፍ አስበልጠው ወደዱት። ትርጉሙን አልተረዱም። ዜማውን ለመዱት።

በ1993 የወጣው ሙከራ ደግሞ አንቺን በቀጥታ የሚመለከት ይመስለኛል። የሁለት ቀን ሕፃናት የእናታቸውን ቋንቋ ከባዕድ ቋንቋ ለይተው እንደሚመርጡ አሳየ። አንቺ ቀኑን ሙሉ በሥራ ቦታ እንግሊዝኛና ዓረብኛ ነው የምታወሪው። ልጅሽ አማርኛን የሚሰማው አንቺ ስታወሪው ብቻ ነው። ማታ ቤት ገብተሽ ከእናትሽ ጋር በስልክ ስታወሪ፣ ወጥ እየሠራሽ ስታንጎራጉሪ፣ ያ ሁሉ ይደርሰዋል። ለዚህ አማርኛ የሚያስተምር ሰው አያስፈልግሽም።

ጣዕምም ያልፋል። እናት የበላችው የነጭ ሽንኩርት ሽታ በእንሽርት ውሃ ውስጥ እንደሚገኝ በ1995 ታይቷል። በ2001 በወጣ ጥናት ደግሞ በመጨረሻዎቹ ወራት የካሮት ጭማቂ የጠጡ እናቶች ልጆች ምግብ ሲጀምሩ የካሮት ጣዕም ያለውን በደንብ ተቀብለዋል። በርበሬውንም ሆነ ሽሮውን ሳትፈሪ ብዪ፤ ቃር ካላስቸገረሽ በቀር።

እውነቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በላይ የሚነግሩሽ ሁሉ ከማስረጃ በላይ ነው። ሙዚቃ ልጅን ብልህ ያደርጋል የሚለው ወሬ የመጣው በ1993 በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ከተሠራ ትንሽ ሙከራ ነው። የሞዛርትን ሙዚቃ ለ10 ደቂቃ የሰሙ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ፈተና ላይ ለጥቂት ደቂቃ የተሻለ ውጤት አመጡ። በቃ። ሕፃን አልነበረበትም፤ ፅንስማ ጭራሽ። ወደ ህንድ ማንትራና ራጋ ወደሚባለው ባህላዊ ዜማቸው የተሻገረው ይኸው ወሬ ነው።

ቀይ ልጅ የሚባለውንም ተዪው። ዘፈራን በወተት መጠጣት የቆዳ ቀለም አይለውጥም። የልጅሽ መልክ የሚመጣው ካንቺና ከባለቤትሽ ነው፤ የተወሰነውም በፀነስሽበት ቀን ነው። ምግብ ላይ የሚነሰነስ ጥቂት ዘፈራን አይጎዳም፤ በብዛት መውሰድ ግን ማህፀንን ሊያነሳሳ ይችላል። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በህንድ በ2017 አንድ ድርጅት ወላጆች ረጅምና ቀይ ልጅ እንዲወልዱ አሠለጥናለሁ ብሎ ካልካታ ላይ ስብሰባ ሲጠራ፣ የህንድ ሐኪሞችና የሕፃናት መብት ተቆርቋሪዎች ተቃውመው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ልጅን በቀለሙ መመዘን ገና ሆድ ውስጥ ሳለ ከጀመርን፣ ሲወለድ ምን ልንለው ነው? እኛም ቤት ይህ በሽታ አለ። ቀይ መሆን ውበት አይደለም፤ ጠይም መሆን ጉድለት አይደለም።

ፑምሳቫናም እንደዚሁ ነው። የፅንሱ ፆታ የሚወሰነው በአባት ዘር ነው፤ በሦስተኛው ወር በሚደረግ ምንም ነገር አይለወጥም። ህንድ ውስጥ ሴት ፅንስ ተለይቶ ይወርድ ስለነበር በ1994 የወጣ ሕግ የፅንስን ፆታ በአልትራሳውንድ ለወላጅ መናገርን ይከለክላል። የልማዱ ጨለማ ጎን ይህን ያህል ከባድ ስለሆነ፣ ሁሉን በአንድነት "ጥበብ" ብለሽ እንዳትቀበይ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ዱቄቱ። ትልቁ ማስጠንቀቂያዬ ይኸ ነው። አዩርቬዳ ዕፅዋትን ብቻ አይጠቀምም፤ ከብረታ ብረት የሚዘጋጁ መድኃኒቶችም አሉት። በ2004 በወጣ ጥናት ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 ከደቡብ እስያ የመጡ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች 14ቱ ላይ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን ብረቱን ነው። በ2011 እና በ2012 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ስድስት ነፍሰ ጡር ሴቶች በአዩርቬዳ መድኃኒት ምክንያት በእርሳስ ተመርዘው ተገኙ። አንዳንዶቹ የወሰዱት ለእርግዝና ይጠቅማል ተብለው ነበር። እርሳስ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የፅንሱን አንጎል ይጎዳል። ብልህ ልጅ ፈልጋ የጠጣችው ነገር ተቃራኒውን ሊያደርግባት ይችላል ማለት ነው። በዱቄቶቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው አሽዋጋንዳ የሚባለው ሥርም በእርግዝና ጊዜ አይመከርም። ማሸጊያው ላይ "ተፈጥሯዊ" መባሉ ምንም ዋስትና አይሰጥሽም። ጀምረሽ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሚና ለሐኪምሽ ንገሪ፤ በደም ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን መለካት ይቻላል።

አብሽና እርድ በወጥ ውስጥ ብዪ፣ ችግር የለም። እንደ መድኃኒት በማንኪያ እየተለካ የሚወሰድ አብሽ ግን በእርግዝና ጊዜ ይቅርብሽ። የበሰለ ፓፓያም ብዪ፤ የሚያሰጋው ጥሬው፣ ነጭ ወተት ያለው ነው።

የፅንስን አንጎል በእርግጥ የሚገነባውን ከፈለግሽ መልሱ በጣም ተራ ነው። አዮዲን ያለው ጨው። በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ። እንቁላል፣ ምስር፣ ሥጋ፣ ወተት። በ2017 የህንድ መንግሥት የባህል ሕክምና ሚኒስቴር ነፍሰ ጡሮች ሥጋና እንቁላል እንዲተዉ፣ መኝታ ቤታቸው ውስጥም የሚያምሩ ሥዕሎች እንዲሰቅሉ የሚመክር ትንሽ መጽሐፍ አሰራጭቶ ነበር። የህንድ ሐኪሞች ጮኹ። ምክንያት ነበራቸው፤ ከ2019 እስከ 2021 በተደረገው የአገሪቱ ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት 52 በመቶ የሚሆኑት ነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ ነበረባቸው። ሥዕል ግድግዳ ላይ መስቀል ክፋት የለውም። ሄሞግሎቢን ግን በሥዕል አይሞላም። የጾም ነገር ካለብሽም የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ነፍሰ ጡርን እንድትበላ የሚፈቅድ አባት ብዙ ነው።

ስለ አምሮት አንድ ነገር ልበል፤ እኛንና ህንዶችን በጣም የሚያገናኘን ይህ ነው። በጥንቱ የአዩርቬዳ መጽሐፍ በሱሽሩታ ሳምሂታ ነፍሰ ጡር በአራተኛው ወር "ባለ ሁለት ልብ" ትባላለች። የሚያምራት ነገር የእሷ ብቻ ሳይሆን የልጁም ምኞት ነው ይላል፤ ስለዚህ ካልተሰጣት ልጁ ይጎዳል። እናቶቻችን ስለ አምሮት ከሚሉት ምን ይለያል? ማሃራሽትራ በሚባለው የህንድ ግዛት ውስጥ "ዶሃሌ ጄቫን" የሚባል ግብዣ አለ፤ የአምሮት ማዕድ ማለት ነው። ቤንጋል ውስጥም "ሻድ" ይሉታል። ሴቶች ተሰብስበው የሚያምራትን ሁሉ ሠርተው ያበሏታል። አምሮት ሳይፈጸም ቀርቶ ልጅ አካሉ አይጎድልም፤ ይህን አትፍሪ። የፅንስ ልብም መምታት የሚጀምረው ገና በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ግን ሰው ተሰብስቦ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ምግብ መሥራቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አፈር፣ ከሰል ወይም በረዶ የሚያምርሽ ከሆነ እሱ አምሮት ብቻ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የአይረን እጥረት ምልክት ነው። ደምሽን ተመርመሪ።

ከህንድ ልማዶች ሁሉ እኔ የምወደው በደቡብ ህንድ የሚኖሩትን የታሚሎቹን "ቫላይካፑ" ነው። ብዙ ጊዜ በሰባተኛው ወር ይደረጋል። ዘመድ ጎረቤቱ ሴት ተሰብስቦ በሁለቱም እጆቿ ላይ ባለቀለም የብርጭቆ አምባር ይደረድርላታል። እጇን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ይንሿሿል። ልጁ ይሰማዋል፣ ደስ ይለዋል ይላሉ። ሰባተኛው ወር ልጁ ድምፅ የሚሰማበት ጊዜ መሆኑ ትክክል ነው፤ የአምባሩ ቀጭን ድምፅ ውስጥ ድረስ ምን ያህል እንደሚገባ ግን ያጠራጥራል። እኔን የሚማርከኝ ሌላ ነገር ነው። እናቲቱ እጇን ባነሳች ቁጥር አምባሩ ልጇን ያስታውሳታል። ሥራ እየሠራችም፣ ውሃ እየቀዳችም። እሷን ከልጇ ጋር የሚያስተሳስራት ያ ነው። ማንም ሳይጠይቃት፣ ፈተና ሳይኖርበት።

ይህ ወደ ዋናው ጭንቀትሽ ይወስደኛል። "ምንም አይሰማኝም" ብለሻል። በክትትል ክፍል ይህን በሹክሹክታ የሚነግሩኝ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ብቻቸውን የሆኑ ይመስላቸዋል። አይደሉም። በመጀመሪያ እርግዝና የልጅን እንቅስቃሴ መለየት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ነው፤ እንግዴ ልጁ ከፊት ለፊት ከተቀመጠ ደግሞ ይዘገያል። ፍቅር ለአንዳንዷ ገና ምርመራው "አለ" ሲላት ይመጣል። ለአንዳንዷ ልጁ ሲራገጥ። ለአንዳንዷ ከወለደች በኋላ ጡት እያጠባች በሦስተኛው ሳምንት። ሁሉም ጥሩ እናቶች ይሆናሉ። አንቺ ደግሞ ከባልሽ ርቀሽ፣ በሰው አገር፣ እየሠራሽ ነው የምትሸከሚው። ስሜቱ ቢዘገይ አይገርምም።

ግን አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ። ለልጁ ብቻ ነው ስሜት ያጣሽው ወይስ ለሁሉም ነገር? ከሁለት ሳምንት በላይ ሐዘን ከተጫነሽ፣ ያስደስትሽ የነበረው ካላስደሰተሽ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ፣ ይህ የእርግዝና ጊዜ ድብርት ሊሆን ይችላል። ሕክምና አለው። ሙዚቃና ማንትራ አይተካውም። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ።

ዮጋውን በተመለከተ፦ ለነፍሰ ጡር ተብሎ የተዘጋጀ ቀላል ዮጋ ወገብሽን ያሳርፋል፣ እንቅልፍሽንም ሊያሻሽል ይችላል። ትንፋሽ አፍኖ መቆየት፣ ሆድን እያስገቡ በፍጥነት መተንፈስ፣ በሆድ መተኛት፣ በጭንቅላት መቆም፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ መሥራት ይቅር። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ በጀርባሽ አትተኚ፤ በጎንሽ ሁኚ። ዮጋው ካልሳበሽ መራመድ ይበቃል፤ በሳምንት 150 ደቂቃ። ደም ከታየሽ ወይም ሐኪምሽ የነገረሽ ሌላ ችግር ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ጠይቂ።

የጆሮ ማዳመጫ ሆድሽ ላይ አድርገሽ ሙዚቃ መክፈቱንም አልመክርም። ለእኛ መጠነኛ የመሰለን ድምፅ ቆዳ ላይ ሲለጠፍ ለልጁ ሊበዛ ይችላል፤ ልጁ ደግሞ ማጥፊያ የለውም። ክፍል ውስጥ በመጠኑ ተከፍቶ አንቺም የምትሰሚው ይበቃል።

ማንትራው የጸሎት ቃል ነው፤ ለሂንዱ እናት ትርጉም አለው። ያንቺ ካልሆነ ማለት የለብሽም፤ ባልደረባሽም ይህን ትረዳለች። ውዳሴ ማርያም የምትደግሚ ከሆነ እሱን ድገሚ። መንዙማ ካደግሽበት እሱን አንጎራጉሪ። ልጁ የሚለምደው ትርጉሙን ሳይሆን ድምፅሽንና ምቱን ነው። ኤልሳቤጥ የማርያምን ሰላምታ በሰማች ጊዜ ፅንሱ በማኅፀኗ ዘለለ የሚለውን በሉቃስ ወንጌል ያነበበ ሰው፣ ለሆድ ልጅ ድምፅ ማሰማት የህንድ ብቻ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

አማትሽን አትጣያቸው። "ሳይወለድ አትንሰፍሰፊ" የሚሉት ብዙ ልጅ ሲሞት ካዩበት ዘመን ነው። ልብሽ እንዳይሰበር እየጠበቁሽ ነው። ልብስና አልጋ ቀድመሽ መግዛት ካስከፋቸው አትግዢ። ለልጅሽ ማውራትሽን ግን የሚያውቅ የለም፤ ሟርትም አይሆንም።

ባለቤትሽም ይግባበት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሕፃናት እንደተወለዱ የአባታቸውን ድምፅ ከሌላ ወንድ ድምፅ እንደሚመርጡ በሙከራ አልታየም። ስለዚህ ስልኩን ሆድሽ ላይ አትለጥፊው። ድምፁን ከፍተሽ ከጎንሽ አስቀምጪውና ያውራ። ጥቅሙ ለእሱ ነው፤ ሩቅ ሆኖ አባት መሆን የሚጀምርበት መንገድ ነው። ላንቺም ነው፤ ብቻሽን እንዳልሆንሽ የምትሰሚበት።

እንግዲህ የማዝዝሽ ይህን ነው። ማታ ማታ፣ ከመተኛትሽ በፊት፣ 10 ደቂቃ። በግራ ጎንሽ ጋደም በዪ። እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። ካፈርሽ ለልጁ ማውራት ትተሽ የቀኑን ውሎሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ ምን በላሽ፣ ማን አናደደሽ። ወይም እናትሽ ሲያስተኙሽ ያሉሽን እሹሩሩ በዪ፤ አንድ ዜማ ይዘሽ በየቀኑ እሱኑ ድገሚው። ሲወለድ ሲያለቅስ ያንኑ ሞክሪለት። ደክሞሽ መሃል ላይ እንቅልፍ ከወሰደሽ ተኚ። አንድ ቀን ብትዘልዪው ምንም አልጎደለም። ለትምህርቱ ልትከፍዪ የነበረውን ገንዘብ ለክትትልሽና ለምግብሽ አውዪው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ እርግዝና ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን ይመክራል። ባልደረባሽ በሰባተኛው ወርሽ አምባር ላድርግልሽ ካለችሽ ደግሞ እሺ በያት፣ ሌሎቹንም ሐበሾች ጥሪ፣ ዶሮ ወጥ ይሠራልሽ።

እስከ 24ኛው ሳምንት ምንም እንቅስቃሴ ካልተሰማሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ የልጅሽን አመሉን ታውቂዋለሽ፤ መቼ እንደሚነቃ፣ መቼ እንደሚራገጥ። አንድ ቀን ከወትሮው ከቀነሰብሽ ሙዚቃ ከፍተሽ ወይም ሆድሽን አሽተሽ "ቆይ ልየው" አትበዪ። ነገ አትበዪ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል።